ሠራተኛውን ከመውቀሳችን በፊት መጋዙን እንመርምር

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ በዲያቆንና የፕሮጀክት ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተመደበልን ርእስ ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ለአናጢ ቤት የሚስማማ ይመስላል። ርእሱ በአነስተኛ የእንጨት ሥራ ክፍሎቻችን ውስጥ በሚገኘው የጠረጴዛ መጋዝ፣ አናጢዎች ሰርኩላር በሚሉት ማሽን፣ እንጨትን በትክክለኛ ማዕዘን ስለ መቁረጥ ነው። በዚህ መድረክ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ሪፖርት አቀራረብና ስለ ገቢ ማስገኛ ሥራዎች አመራር ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የመጋዝን ነገር ግን የባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብለን ትተነው ቆይተናል። እንዲህ ማድረጋችን ስሕተት እንደ ነበር የተረዳነው፣ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉድለት አድጎ የገንዘብ፣ የመተማመንና የአንድ ወጣት እንጀራ ጉዳይ ሲሆን በማየታችን ነው።

እኛ በዲቁና የምናገለግል፣ በሥራችንም ፕሮጀክቶችን የምንከታተል እንጂ አናጢዎች አይደለንም። ዛሬ የምናካፍላችሁን የተማርነው ከተበላሸ ሥራና ያንን ሥራ ካቀኑልን አንድ አረጋዊ አናጢ ነው። ስለዚህ ንግግራችን የአስተማሪ ሳይሆን ዘግይቶ የተማረ ሰው ንግግር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

የተመለሱት ዴስኮች

ከአንድ ሰበካ ጋር በመተባበር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ክፍል አቋቁመን ነበር። ዓላማው ሥራ ያጡ ወጣቶች ሙያ እንዲለምዱ፣ ሰበካውም ለአገልግሎቱ የሚሆን ቋሚ ገቢ እንዲያገኝ ነው። የጠረጴዛ መጋዙን፣ መላጊያውንና መብሻውን ገዝተን አስረከብን። በርክክቡ ዕለት መጋዙ ሲዞር አየን፤ አንድ ጣውላ ለሁለት ሲከፍል አየን፤ አጨበጨብን፤ በቅጹም ላይ ፈረምን። መቁረጡን እንጂ ቀጥ አድርጎ መቁረጡን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

ክፍሉ ያገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ለአንድ ትምህርት ቤት 24 ዴስኮችን መሥራት ነበር። ወጣቶቹ ሌት ተቀን ደክመው በቀጠሮው ቀን አደረሱ። ዴስኮቹ ግን ወለል ላይ ሲቀመጡ ሦስት እግር እየረገጠ አራተኛው ይንጠለጠላል፤ ተማሪ ሲደገፍባቸው ይወዛወዛሉ። ገዢው ክፍያውን ይዞ ዕቃውን መለሰ። የእንጨቱ ዋጋ ከሰበካው ካዝና የወጣ ነበርና ነገሩ ለሰበካ ጉባኤው ከባድ ሆነ።

ጉባኤው ተሰብስቦ ምክንያቱን መረመረ። መጋዙ ላይ የሚቆመው አንድ ወጣት ነበርና ጥፋቱ የእርሱ ቸልተኝነት ነው ተባለ። ወጣቱ «እኔ የቆረጥሁት በተሰመረው ምልክት ላይ ነው» ብሎ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። እኛም ለጉብኝት በሄድን ጊዜ ማሽኑን ሳንነካ፣ ወጣቱንም ሳናነጋግር በሪፖርታችን ላይ «የሠልጣኞች የጥንቃቄ ጉድለት» ብለን ጻፍን። ወጣቱ ሥራውን ትቶ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ በሰበካው የሚኖሩ አንድ አረጋዊ አናጢ የቤታቸውን መስኮት ለማስጠገን ወደ ክፍሉ መጡ። በጥግ የተከመሩትን ዴስኮች አይተው ምክንያቱን ጠየቁ። ከዚያም ከወዳደቀው እንጨት አንድ ወፍራም ቁራጭ አንሥተው በመጋዙ ቆረጡት። ከሁለቱ ቁራጮች አንዱን ገልብጠው የተቆረጡትን ፊቶች ገጠሙ። በመካከላቸው ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብብ ክፍተት ታየ። በዚያ ቆመን የነበርነውን ተመልክተው፣ «ዲያቆን፣ ልጁን አትሙት፤ የጠመመው መጋዙ ነው» አሉን። ይህ ሁሉ የፈጀው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እኛ ግን በስብሰባ ቀናትን አሳልፈን፣ በሪፖርት ገጾችን ሞልተን እውነቱን ማግኘት አልቻልንም ነበር።

ትንሹ ስሕተት ለምን ያድጋል?

ስሕተቱ ለዐይን የማይታይ ከነበረ እንዴት 24 ዴስኮችን አበላሸ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በማዕዘን ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ትክክለኛው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። መጋዙ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ያ ስሕተት በ1 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የዴስክ እግር 70 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና ከላይ እግሩን የሚይዘው አግዳሚ እንጨት ጫፉ በ1 ዲግሪ ጠሞ ቢቆረጥ፣ የእግሩ ታችኛው ጫፍ ከቦታው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ዴስክ ደግሞ እንዲህ ያሉ ብዙ መጋጠሚያዎች አሉት። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ሲጎትት አራቱ እግሮች በአንድነት መሬት ሊረግጡ አይችሉም።

ከዚህም ያነሰ ነገር ጉዳት ያደርሳል። በእንጨቱና በመምሪያው መካከል የግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ገባ እንበል። እንጨቱ በመምሪያው ላይ የሚደገፍበት ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር የአግዳሚውን ጫፍ ያጣምማል። በ70 ሴንቲ ሜትር እግር ላይ ሲደርስም 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ኮላውና ብሎኑ ይህን አያርሙትም፤ መጋጠሚያውን በኃይል ቢስቡት እንኳ እንጨቱ ሲፈታ ይመለሳል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህም ይሠራል። ጥመት መታረም ያለበት ገና በመጋዙ ላይ ሳለ ነው።

አመርማሪውን መመርመር

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የመጋዙ መሰኪያ ከሶኬት መነቀል አለበት። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። እጃችን ወደ ምላጩ የሚቀርብበት ሥራ ስለሆነ ይህን ሥርዓት ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

የመጀመሪያው ምርመራ የራሱ የስኳድራው ምርመራ ነው። የምንለካበት መሣሪያ ሐሰተኛ ከሆነ የምናስተካክለው ሁሉ ይጠማል። ጠርዙ ቀጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ስኳድራውን አስደግፈን በቀጭን እርሳስ መስመር እናሰምራለን። ቀጥሎ ስኳድራውን ገልብጠን ከዚያው ነጥብ ሁለተኛ መስመር እናሰምራለን። ሁለቱ መስመሮች እስከ ጫፋቸው አንድ ከሆኑ ስኳድራው እውነተኛ ነው። እየራቁ ከሄዱ ስኳድራው ጠሟል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም የስሕተቱ እጥፍ ነው።

እንደ በርና መስኮት ላሉ ሰፋፊ ክፈፎች ስኳድራ ስለሚያጥር ሜትር እንጠቀማለን። ከማዕዘኑ ተነሥተን በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ለክተን ምልክት ስናደርግ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ሴንቲ ሜትር ከተገኘ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ክፈፍ ከሆነም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚለኩት ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው።

በመጋዙ ላይ የሚመረመሩ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ምላጩ በገበታው ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን እናያለን። ምላጩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን ስኳድራውን በገበታው ላይ እናቆምና ከምላጩ አካል ጋር እናስጠጋዋለን። ጥርሶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወጡ ስኳድራው በሁለት ጥርሶች መካከል ገብቶ የምላጩን ለስላሳ አካል መንካት አለበት። ከዚያም መሰኪያውን መልሰን ወፍራም እንጨት በመቁረጥ፣ አንዱን ቁራጭ ገልብጠን ገበታው ላይ በመግጠም እናረጋግጣለን። አረጋዊው አናጢ ያደረጉት ይህንን ነው። ሲገለበጥ ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ ዐይን በቀላሉ ይለየዋል።

ሁለተኛ፣ ምላጩ በገበታው ላይ ከተቀረጸው ቦይ ጋር ትይዩ መሆኑን እናያለን። የማዕዘን መምሪያው የሚንሸራተተው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መሰኪያውን ዳግም ነቅለን፣ ጫፉ ላይ ብሎን የገባበት በትር በማዕዘን መምሪያው ላይ በሞርሳ እናስራለን። አንዱን ጥርስ በእርሳስ ምልክት አድርገን ብሎኑ ያንን ጥርስ በጥቂቱ እስኪነካ ድረስ እናስጠጋለን። ከዚያ ምላጩን በእጅ አዙረን ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ እንወስዳለን፤ መምሪያውንም ወደ ኋላ ገፍተን ብሎኑ እንደ ፊቱ መንካቱን እንመለከታለን። አንድ ጥርስ ብቻ የምንከተለው የምላጩ ጥቂት መጣመም ልኬታችንን እንዳያሳስተን ነው። ልዩነቱ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ከበለጠ፣ ከገበታው ሥር ምላጩንና ተሸካሚውን የያዙትን ብሎኖች አላልተን በጥንቃቄ እናስተካክላለን፤ መልሰንም እናጠብቃለን። ትይዩነቱ የጎደለ መጋዝ የእንጨቱን ጠርዝ ያቃጥላል፤ የኋላ ጥርሶቹም እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ሊወረውሩት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የማዕዘን መምሪያው ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱን እናያለን። በመምሪያው ላይ የተቀረጸው የዲግሪ ቁጥር ለመነሻ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይበቃም። ሁለቱ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ፣ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ሰሌዳ ቆርጠን አንዱን ቁራጭ በመገልበጥ፣ ሁለቱንም ቀጥ ባለ ጠርዝ አስደግፈን እንገጥማቸዋለን። ሳይከፈቱ ከተጋጠሙ መምሪያው ትክክል ነው።

በእነዚህ ምርመራዎች ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ምላጩ ከቦዩ ጋር ሳይስማማ መምሪያውን ብናስተካክል፣ በኋላ ምላጩን ስናንቀሳቅስ የደከምንበት ሁሉ ይፈርሳል።

አምስቱ ቁርጦች

ከዚህ የላቀ ጥራት ለሚፈልግ ሥራ አናጢዎች አምስት ጊዜ በመቁረጥ የሚደረግ ፈተና አላቸው። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አራት ማዕዘን የኮምፔርሳቶ ቁራጭ እንወስዳለን። የመጀመሪያውን ጎን በስሱ እንቆርጣለን። አሁን የተቆረጠውን ጎን ወደ መምሪያው አዙረን ቀጣዩን ጎን እንቆርጣለን። እንዲህ እያዞርን አራቱንም ጎኖች ከጨረስን በኋላ፣ አምስተኛውን ቁርጥ በመጀመሪያው ጎን ላይ አድርገን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ዘንግ እናወጣለን። የዚህን ዘንግ ስፋት በሁለቱ ጫፎች በካሊፐር እንለካለን።

እያንዳንዱ ቁርጥ ከፊተኛው የወረሰውን ስሕተት የራሱን ጨምሮ ለተከታዩ ስለሚያስተላልፍ፣ በመጨረሻው ዘንግ ላይ የሚታየው ልዩነት የአንዱ ቁርጥ አራት እጥፍ ነው። ምሳሌ እንስጥ። ዘንጉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ስፋቱም በአንዱ ጫፍ 22.0፣ በሌላው 20.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 1.6 ነው። ለ4 ሲካፈል 0.4 ይሆናል። ስለዚህ መጋዛችን በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል ማለት ነው። የመምሪያው ሁለት ብሎኖች በ80 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ አንዱን እንደ ያዝን ሌላውን ጫፍ 0.8 ሚሊ ሜትር እናንቀሳቅሳለን። ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ካጠራጠረን በጥቂቱ አንቀሳቅሰን ፈተናውን እንድገም፤ ልዩነቱ ከቀነሰ መንገዳችን ትክክል ነው፤ ከጨመረ ወደ ኋላ እንመለስ። ካሊፐር የሌለው ክፍል ዘንጉን ከመካከሉ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን በመግጠም በጥፍር ቢዳስስ ልዩነቱ ይሰማዋል።

ስሕተቱ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ በ70 ሴንቲ ሜትር የዴስክ እግር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዕለት ሥራችን ይህ የሚበቃ ነው።

ተንሸራታቹ ገበታ

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የማዕዘን መምሪያ አጭርና ልል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከራሱ ኮምፔርሳቶ ተንሸራታች ገበታ እንዲሠራ አጥብቀን እንመክራለን። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ጠፍጣፋ ኮምፔርሳቶ ሥሩ ላይ በቦዮቹ ልክ የተላጉ፣ የደረቀ ጠንካራ እንጨት ሁለት ዘንጎች ይታሰሩበታል። ከላዩ ላይ ከፊትና ከኋላ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ይቆሙበታል። እንጨቱ የሚደገፍበት ቋሚ በመጀመሪያ በአንድ ብሎን ብቻ ይያዝና ሌላው ጫፉ በሞርሳ ይታሰራል። ከዚያ በአምስቱ ቁርጦች ተፈትኖ ትክክል ሲሆን በሁሉም ብሎኖች ይጠብቃል። ምላጩ ወደ ሠራተኛው በሚወጣበት በኩል ወፍራም የእንጨት ጉርድ ይለጠፋል፤ ይህም ጣት ወደዚያ እንዳይደርስ የሚከለክል ነው።

የዚህ ገበታ ጥቅም ጥራቱ በአንድ ብልህ ሰው እጅ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማድረጉ ነው። አዲስ ሠልጣኝም ሆነ ነባር ሠራተኛ በእርሱ ላይ ሲቆርጥ አንድ ዓይነት ማዕዘን ያገኛል። በቋሚው ላይ የእንጨቱን ጫፍ የሚያቆም ትንሽ ጉርድ በሞርሳ ቢታሰርበት ደግሞ አራቱ እግሮች በርዝመት እኩል ይሆናሉ። ማዕዘኑ ቀንቶ ርዝመቱ ካልተካከለ ዴስኩ አሁንም ይወዛወዛልና ሁለቱ አይነጣጠሉም።

የእንጨቱና የምላጩ ነገር

መጋዙ ሁሉ ቀንቶ እንጨቱ ከጠመመ ድካማችን ከንቱ ነው። የሚቆረጠው እንጨት አንድ ጠፍጣፋ ፊትና አንድ ቀጥ ያለ ጎን ሊኖረው ይገባል፤ ይህም በመላጊያ ይዘጋጃል። ጎኑ ጥቂት የጎበጠ ከሆነ ወደ ውስጥ የገባው ጎን ወደ መምሪያው ይዙር፤ በሁለት ጫፎቹ ስለሚደገፍ አይወዛወዝም። የወጣው ጎን ግን በመምሪያው ላይ ይንከባለላል። በእርጥብነቱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንደሚጣመም ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛሬ የቀና ቁርጥ በወሩ ጠሞ ይገኛል። ስለዚህ እንጨት ገዝቶ በጥላ ሥር ደርድሮ፣ በመካከሉ ነፋስ የሚያስገባ ጠባብ እንጨት አድርጎ ማድረቅ የሰበካው የዕቅድ አካል ይሁን።

ምላጩም እንደ ሥራው ይለያያል። 250 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላቸው ምላጮች መካከል እንጨትን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ 24 ያህል ጥርስ ያለው፣ ወርዱን ለመቁረጥ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ያለው ይመረጣል። የደነዘ ወይም ሙጫ የያዘ ምላጭ እንጨቱን ወደ ጎን ይገፋል። እንጨት የሚያቃጥል ምላጭ ስናይ በኃይል ከመግፋት ይልቅ አውጥተን በሳሙና ውኃና በቡሩሽ እናጽዳው፤ በደንብም እናድርቀው፤ ከደነዘም እናስሞርደው።

ጣት ከዴስክ ይበልጣል

ስለ ጥራት ስንናገር ስለ አካል ደኅንነት ዝም ማለት አንችልም። የጎን መምሪያውና የማዕዘን መምሪያው በአንድ ቁርጥ ላይ በአንድነት እንዳይሠሩ፤ ቁራጩ በምላጩና በጎን መምሪያው መካከል ተቀርቅሮ በኃይል ይወረወራል። እንጨት ያለ ምንም መምሪያ፣ በእጅ ብቻ ተይዞ እንዳይቆረጥ። የምላጩ መከለያና ከምላጩ በስተኋላ የሚቆመው መለያ ብረት ሥራ ያዘገያሉ ተብለው እንዳይወልቁ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት ከሚዞር ምላጭ አጠገብ አይቅረቡ። ከአገልግሎት ወጥተን በነጠላችን እንዳለን ወደ ክፍሉ የምንገባ እኛ አገልጋዮች ይህን በተለይ ልናስብ ይገባል። ትንንሽ ቁራጮች የሚነሡት ምላጩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በአካባቢያችን መብራት በሥራ መካከል መጥፋቱ የተለመደ ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያው ሳይዘጋ ከተተወ፣ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ መጋዙ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቅጽበት ማብሪያውን መዝጋት፣ መሰኪያውንም መንቀል የክፍሉ የማይሻር ሕግ ይሁን።

ከሰበካ ጉባኤያት የምንጠብቀው

ክቡራን የጉባኤው አባላት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ በእናንተና በእኛ ላይ የሚወድቀው ኃላፊነት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም።

1. ማሽን ስንረከብ መዞሩን ብቻ አይተን አንፈርም። በፊታችን ተቆርጦ፣ ተገልብጦ፣ ተገጥሞ እንይ። ኮሚሽናችንም ይህ ፈተና በርክክብ ቅጹ ላይ እንዲካተት ወስኗል።

2. በየክፍሉ አንድ የምርመራ መዝገብ ይኑር። ምላጭ በተቀየረ ቁጥር፣ ማሽኑ ከቦታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ ይህ ባይሆንም በየወሩ ምርመራው ተደርጎ ቀኑ፣ ልኬቱና የመርማሪው ስም ይጻፍ።

3. በበጀታችን ውስጥ እውነተኛ ስኳድራ፣ ካሊፐር፣ ተለዋጭ ምላጭና ለተንሸራታች ገበታ የሚሆን ኮምፔርሳቶ ይያዝ። ከአንድ የተመለሰ ሥራ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

4. ልኬቱ ሲጠም ሥራን የማስቆም ሥልጣን መጋዙ ላይ ለሚቆመው ሰው ይሰጥ። የቀጠሮ ቀን ደረሰ ተብሎ አይገፋ።

5. ሥራ ሲበላሽ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መሣሪያው ይመርመር። ጥፋቱ የሰው ሆኖ ሲገኝም ያ ሰው ይደመጥ።

እነዚያ ዴስኮች ምን ሆኑ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መጋዙ ከቀና በኋላ ተፈትተው አግዳሚዎቻቸው ጥቂት አጠር ተደርገው ዳግም ተቆረጡ። ዴስኮቹ ከውሉ ትንሽ ጠበቡ፤ ትምህርት ቤቱም በዝቅተኛ ዋጋ ተቀበላቸው። ሰበካው የእንጨቱን ወጪ እንጂ የድካሙን ዋጋ አላገኘም።

ወጣቱን ፍለጋ ከሰበካው ሊቀ መንበር ጋር ሄደን በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት አገኘነው። በደሉን አምነን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «አሁን መጋዙን የሚያየው ማነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ከአረጋዊው አናጢ ጋር ለሁለት ሠልጣኞች ምርመራውን አሳየ። ወደ ክፍሉ ግን አልተመለሰም፤ የማስገደድ መብትም የለንም። በሪፖርታችን የጻፍነውን ቃል በሌላ ደብዳቤ አርመናል። የታረመው ወረቀት ግን የጠፋውን የወራት እንጀራ እንደማይመልስ እናውቃለን።

አባቶቻችን እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ያቆሙልን ሕንፃዎች ያለ ኤሌክትሪክ ሞተር የተሠሩ ናቸው። እኛ ሞተር ያለን ልጆቻቸው ቢያንስ የማይወዛወዝ ዴስክ ልንሠራ ይገባናል። ወደየሰበካችሁ ስትመለሱ ከማንኛውም ስብሰባ በፊት ወደ ሥራ ክፍላችሁ ገብታችሁ አንድ ቁራጭ እንጨት አስቆርጡ፤ አንዱን ገልብጡት፤ ግጠሙት። ክፍተት ብታዩ አትደንግጡ፤ ማንንም አትውቀሱ። መሰኪያውን ነቅላችሁ ማረም ጀምሩ።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ያቅናልን።